ጥሬው ይሻላል የበሰለው? ካልጋሪ ላይ ሽማግሌ የሆንኩበት ሳምንት

ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ በረዶው ነው የሚጠይቀኝ። «እታገኘሁ፣ እውነት ሰው በረዶውን እንደ ጨው ነው የሚረግጠው?» ይሉኛል። አዎ፣ እንደ ጨው ነው፤ ሲረግጡትም ድምፅ አለው። እኔን ግን ያስጨነቀኝ፣ እህል ውሃ ያስጠላኝ ሻይ ነው። አትሳቁ፤ እስክጨርስ ታገሡኝ።

አስቀድሜ ልናገር፤ ፈሪ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃናት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና፣ ክፍል ውስጥ ስቆጣ ያዩኝ ሰዎች ደፋር እመስላቸዋለሁ። ባጃጅ ላይ እንኳ አማትቤ፣ ብረቱን ጨብጬ፣ ዐይኔን ጨፍኜ እንደምሄድ የሚያውቀው አንድ ልጄ ብሩክ ብቻ ነው። ብሩክ ካናዳ ውስጥ ካልጋሪ የሚባል ከተማ ይኖራል፤ አየር ማረፊያው ውስጥ ዕቃ የሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ደወለና፣ «እማዬ፣ ላገባ ነው፤ ግን አንድ ችግር አለ» አለኝ። ችግሩን ሳልሰማ ነው ቁጭ ያልኩት።

ልጅቱ ሊን ትባላለች። ወላጆቿ ከቻይና፣ ዩናን ከሚባል የሻይ አገር የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን የተወለደችው እዚያው ካናዳ ነው። አባቷ ብሩክን አንድ ጊዜ ብቻ አግኝተውት፣ እሺም እምቢም ሳይሉ፣ «ትልልቅ ሰዎች የሉህም?» ብለው ጠየቁት። በቃ፣ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሊን ደግሞ አንድ ልጅ ናት፤ «አባቴ ከልቡ ካልመረቀኝ አላገባም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። «ስለዚህ ሽማግሌ ልንልክ ነው፤ አንቺም ነይልኝ» አለኝ ልጄ። ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። እንዲህ ሆኖ የሰማሁት አባቱ የሞተ ጊዜ ነው። እንግዲህ ፈራሁ ብሎ መቅረት የት አለ!

ዓርብ ጠዋት ከደሴ ተነሣሁ። ጎረቤቴ ዘሐራ ስንቄን ቋጥራ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝና፣ «አብሽሪ፣ አውሮፕላን ከዚህ አውቶቡስ ይሻላል» አለችኝ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ክንድ ይዤ ኖሯል፤ ዋሻውን አልፈን ብርሃን ሲወጣ ነው ያወቅኩት። «ግድ የለም እናቴ፣ ይያዙት» አለኝ። እስከ አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ።

ቅዳሜ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ስለ አየሩ ጉዞ ብዙ አልጽፍም፤ አብዛኛውን ዐይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት። አንድ ነገር ብቻ፦ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ገብቼ በሩ አልከፈት አለኝ። ብገፋው እምቢ፣ ብስበው እምቢ። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ጮኽኩ። አስተናጋጇ ከውጭ በአንድ ጣቷ ጫን ስትለው እንደ መጽሐፍ ገጽ እጥፍ ብሎ ተከፈተ። እኔ ደሴ የማውቀው በር ወይ ወደ ውስጥ ነው ወይ ወደ ውጭ፤ መሃሉ ላይ የሚታጠፍ በር ከየት አባቱ ልወቅ? ልጅቷ አልሳቀችብኝም። ውሃ አምጥታ፣ እጄን ይዛ እስከ ወንበሬ መለሰችኝ። እግዜር ይስጣት።

እሑድ ካልጋሪ ገባሁ። ብሩክ ሁለት ሰው የሚያለብስ ኮት ይዞ ጠበቀኝ። ደሴ ብርድ አለ እል ነበር፤ ለካ ደሴ ላይ ያለው የብርድ ወሬ ኖሯል። በሩ ሲከፈት አፍንጫዬ ውስጥ ያለው እርጥበት ቀጥ ብሎ ደረቀ። «እማዬ፣ በአፍሽ አትተንፍሺ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ መኪናው ድረስ መተንፈስ ፈራሁ።

ብሩክ ፓይንሪጅ በሚባል ሠፈር የአንድ አሮጌ ቤት ቤዝመንት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ፎቁ ላይ ባለቤቶቹ አሉ፤ ጋሼ ተስፋይና እትዬ አብረኸት። የአስመራ ሰዎች ናቸው፤ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ አማርኛቸው ከኔ የሚጠራ። «እናት ምድር ቤት አትተኛም» ብለው የገዛ መኝታ ቤታቸውን ለቀቁልኝ። አልፈልግም ብዬ ብለምንም ማን ሰምቶኝ። እትዬ አብረኸት አልጋው ውስጥ የሞቀ ውሃ የያዘ ላስቲክ ከተው ጠበቁኝ፤ እኔ ደግሞ አላወቅኩም፣ እግሬን ስሰድ ለስለስ ያለ ሙቅ ነገር ሲነካኝ ድመት መስሎኝ ቤቱን በጩኸት አናወጥኩት። ሁለቱም ከሳሎን ሮጠው መጡ። እትዬ አብረኸት ላስቲኩን ከፍ አድርገው እያሳዩኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሰኞ ሊን መጣች። ቀጭን፣ ፊቷ ክብ፣ ስትናገር ዝቅ የምትል ልጅ ናት። «እማማ» አለችኝና አቀፈችኝ፤ ብሩክ አስጠንቷት ነው። ወደድኳት። መውደዴ ደግሞ ፍርሃቴን አባሰው፤ የማያውቁትን ማጣት ይቀላል። ለአባትሽ ምን ይዘን እንሂድ? ሽማግሌ ባዶ እጁን አይሄድም ብዬ በብሩክ አስጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «አባቴ ከሻይ ሌላ የሚወደው ነገር የለም፤ እሱም የተብላላ ሻይ ነው። ሁለት ዓይነት አለው፤ ጥሬና የበሰለ» አለች።

«የትኛውን ነው የሚወዱት?»

«ሰውየውንና ቀኑን አይቶ ነው የሚመርጠው።»

ምነው ሸዋ! ሰውየውንና ቀኑን? ታዲያ እኔ እሳቸውን የት አውቃቸዋለሁ? ደሴ ቢሆን ስኳር፣ ሻሽ፣ ማር ይዞ መሄድ ነው፤ በማር ተሳስቶ የተጣላ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ረቡዕ ብሩክ ኦፍ ስለነበር መሃል ከተማ ቻይናዎቹ ሠፈር ያለ ሻይ ቤት ይዞኝ ሄደ። ከጭንቀቴ የተነሣ ቁርስ አልበላሁም። የሻይ ቤቱ ባለቤት አጠር ያሉ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። መደርደሪያው ላይ በወረቀት የተጠቀለሉ ክብ ነገሮች ተደርድረዋል። አንዱን ገልጠው ሲያሳዩኝ ደነገጥኩ።

«ብሩኬ፣ ይሄ እኮ ኩበት ነው» አልኩት በሹክሹክታ።

«እማዬ በናትሽ!»

«ኩበት ይዘን ነው ልጅ የምንጠይቀው?»

እውነቴን ነው፤ ጠፍጠፍ ብሎ ደርቆ፣ ጭራሮ የመሰለ ቅጠል ያለበት። ሴትየዋ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አስረዱን፣ ብሩክ እየተረጎመ። ጥሬው ቅጠሉ ደርቆ፣ በእንፋሎት ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ፣ ዓመት በዓመት ላይ እየተብላላ ይበስላል። የበሰለውን ደግሞ ቅጠሉን ከምረው ውሃ ያርከፈክፉበታል፣ ይሸፍኑታል፤ ከውስጡ ይግልና በሳምንታት ውስጥ ይጠቁራል። ይሄንንስ አላጣሁትም፤ ጠላ ጠንስሳ የማታውቅ የወሎ ሴት የለችም። ግን ጠላ ተሳስቶ ቢቆመጥጥ ይደፋል፤ ይሄ ቢሳሳት የልጄ ትዳር ነው የሚደፋው።

መጀመሪያ የበሰለውን አቀመሱኝ። ጥቁር ነው፤ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፤ ጉሮሮን ሳይነካ ይወርዳል። ቀጥሎ ጥሬውን። እህህ! ጌሾ የነከስኩ ነው የመሰለኝ። ሴትየዋን እንዳላስቀይም ብዬ ባንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት፤ ደግመው ቀዱልኝ፤ ደግሜ ጨለጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ግንባሬን ላብ አጠመቀው፣ መደርደሪያው ዞረብኝ። «በሞትኩት፣ ብሩኬ ያዘኝ!» አልኩ። በቃ፣ ሰው አገር ሻይ ቤት ውስጥ ልሞት ነው ብዬ ንስሐ አባቴን በስም ጠራሁ። ሴትየዋ አልደነገጡም። ወንበር አቅርበው፣ ኦቾሎኒና ከረሜላ በእጃቸው አፌ ውስጥ ከተው፣ ጀርባዬን አሹኝ። ጥሬ ሻይ ባዶ ሆድ ላይ ያሰክራል አሉ። እኔ ጠጅ እንኳ አስክሮኝ አያውቅም!

ራሴን ስችል ብሩክን፣ «ለጋብቻ የትኛው ይሻላል ብለህ ጠይቅልኝ» አልኩት። ሴትየዋ ሳቅ አሉና፣ «የበሰለው ለዛሬ ነው፤ ጥሬው ለሚጠብቅ ሰው ነው» አሉ። ይባስ ብሎ! የዛሬውን ብወስድ ቸኮሉ ልንባል ነው፤ የሚጠብቀውን ብወስድ «እንግዲያው ጠብቁ» ቢሉንስ? መወሰን አቃተኝ። ሴትየዋ ከሁለቱም ቁራሽ ቁራሽ ጠቅልለው፣ «ቤት ሄዳችሁ ተማከሩ» ብለው በነፃ ሰጡን።

ሐሙስ ምክክር ሆነ። እትዬ አብረኸት ከሁለቱም ቆርሰው በሁለት ድስት ጣዱና፣ በልማድ ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል አደረጉበት። ምን ይለይ እንግዲህ? ሁለቱም ቅርንፉድ ቅርንፉድ አሉ። ሳንለይ ነው የተከራከርነው።

«የበሰለው ነው እንጂ!» አሉ ጋሼ ተስፋይ። «ጥሬ ነገር ተሸክሞ ሰው ቤት የሚሄድ ማን ነው? ያልበሰላችሁ ናችሁ ማለት ይመስላል።»

«እርስዎ ደግሞ!» አሏቸው እትዬ አብረኸት። «ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው ጥሬ ሥጋ አይደለም እንዴ? ቅቅል ሰጥተው ያከበሩት ሰው አለ?»

ሁለቱም እውነት ይመስላል። ብሩክን አየሁት። ብሩክ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እማዬ፣ አንቺ ወስኚ። አንቺ ያልሽው ይሁን» አለ። ሁሉም እኔ ላይ ጣሉት። ጭንቅ ጥብብ አለኝ። በመጨረሻ የበሰለው ይሁን አልኩ። ምክንያቴ ጥበብ አልነበረም፤ ጥሬው እኔን እንዳዞረኝ ሰውየውንም ቢያዞራቸው፣ በኛ ስጦታ ሆዳቸውን ቢያማቸው ብዬ ፈርቼ ነው።

ዓርብ ብሩክ ከሺፍት ሲወጣ የበሰለውን ገዝቶ መጣ፤ አብሮም መርዶ አመጣ። ሽማግሌ እንዲሆኑ የታሰቡት ጋሼ ተስፋይ፣ ታክሲ የሚነዱት አቶ ሽፈራውና አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሺፍታቸው ተቀየረና «ቅዳሜ አልችልም» ብለው ደወሉ።

«ሽማግሌ ሁለት አይሆንም» አሉ ጋሼ ተስፋይ። ወደኔ ዞሩ። «እታገኘሁ፣ ሦስተኛ አንቺ ነሽ።»

«እናት ለገዛ ልጇ ሽማግሌ ስትሆን የት ታይቷል?»

«ካልጋሪ ነዋ! ሰው ከየት ይምጣ?»

ከዚያ ሥርዓቱን አስጠኑኝ፤ በገዛ አገሬ ሥርዓት እንደ ተማሪ ተቀምጬ። ስንገባ ተቀመጡ ይሉናል፤ አንቀመጥም። እህል ውሃ ያቀርባሉ፤ አንቀምስም። «ልጃችንን ሰጥተናል» የሚል ቃል ከአባትየው አፍ እስኪወጣ ድረስ ቆመን እንጠብቃለን። «አንዲት ጠብታ ከቀመስሽ ልመናው ቀለለ፣ ጉዳዩ ተበላሸ ማለት ነው» አሉኝ ጣታቸውን ቀስረው። ብሩክ ሙሽራ ነውና አይገባም፤ ሊንም ሙሽራ ናትና ፎቅ ላይ ትሆናለች እንጂ አትታይም። እትዬ አብረኸት እንዳትታይ ብቻ ለሊን በስልክ ነገሯት። እሺ አለች፤ ምን ታርግ።

ቅዳሜ ወደ ኤርድሪ ተጓዝን። የሊን ወላጆች የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ከካልጋሪ በስተሰሜን በሃይዌይ የሚኬድ ከተማ ነው። ነፋሱ በረዶውን ከሜዳው እያነሣ መንገዱ ላይ ይነዛዋል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ቢያስፈራ ቢያንስ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ይሄኛው እባብ ይመስል አስፋልቱ ላይ ይሳባል። አንድ ቦታ ላይ መኪናችን ወደ ጎን ሸርተት አለች። ብሩክ መሪውን በቀስታ መለሰው፤ እጁ ነጭ እስኪሆን ጨብጦታል። እኔ ሻዩን ደረቴ ላይ አቅፌ ማርያም ማርያም እላለሁ። ብንሞት ሻዩ አብሮን ነው የሚሞተው፤ ትክክለኛው ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ፍርሃት ሲበዛ እንዲህ ያስቀባጥራል።

ብሩክ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ፓርክ አደረገ። «እማዬ፣ ሲያልቅ ኮል አድርጊልኝ» አለና ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው። ሦስታችን ከኮታችን በላይ ጋቢ ደርበን፣ በረዶው ላይ እንደ ዳክዬ እየተራመድን ተሻገርን።

እዚያ አገር ሰው ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በካልሲ ነው የቆምነው፤ የአቶ ሽፈራው አውራ ጣት በካልሲው ቀዳዳ ወጥቷል። የሊን አባት ቀጭን፣ ሹራብ የለበሱ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው ተቀበሉን። እናትየዋ ወንበር ሳቡልን። ጠረጴዛው ላይ የእንጨት ትሪ፣ ጭብጥ የምታህል የሸክላ ማንቆርቆሪያ፣ ጣት የማያስገቡ ስኒዎች ተሰናድተዋል። ጎኑ ላይ ወረቀቱ የተገለጠ፣ ጠርዙ የተቆረሰ ክብ ሻይ አለ። ሻዩ ተቀድቶ ይጠብቀናል፤ ቀለሙ ብርዝ ይመስላል። የኛን የበሰለ ሻይ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩት።

«ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ» አሉ አባትየው በእንግሊዝኛ። አቶ ሽፈራው ይተረጉማሉ።

«ጉዳይ አለን፤ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ አንቀምስም» አሉ ጋሼ ተስፋይ፣ ጋቢያቸውን አደላድለው።

አባትየው ሚስታቸውን አዩ። ጋሼ ተስፋይ ጉዳዩን አቀረቡ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን፣ ዘመድ ልንሆን ፈልገን መጥተናል፤ ብሩክ ሥራ ወዳድ ነው፣ ጨዋ ነው፣ እናቱም ይኸው። ባማረ አማርኛ ነው የተናገሩት። አባትየው ትርጉሙን እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ስኒዎቹን በሁለት እጃቸው ወደኛ ገፋ አደረጉ።

«ምን አሉ? ሰጥተናል አሉ?» አሉ ጋሼ ተስፋይ።

«አላሉም» አሉ አቶ ሽፈራው። «ሻይ ጠጡ ነው ያሉት።»

«እንግዲያው አንጠጣም።»

ቆምን። ሻዩ ቀዘቀዘ። አባትየው የቀዘቀዘውን ትሪው ላይ ደፉትና አዲስ ቀዱ። «እባካችሁ» አሉ። ጋሼ ተስፋይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «መልሱን እንጠብቃለን» አሉ። እሱም ቀዘቀዘ፣ ተደፋ፣ ሌላ ተቀዳ። አሁን አባትየው ሲቀዱ ማንቆርቆሪያዋ ከስኒው ጠርዝ ጋር ተጋጨችና ትሪው ላይ ፈሰሰባቸው። እናትየዋ አንገታቸውን ደፉ። በቃ፣ እምቢ ሊሉን ነው፤ መንገድ ማዶ መኪና ውስጥ ለተቀመጠው ልጄ ምን ብዬ እነግረዋለሁ አልኩ።

ከዚያ የአባትየውን ፊት በደንብ አየሁት። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። ሐሞታቸው ፈስሷል። ኧረ ይሄንን መልክ እኔ አላጣውም፤ በየቀኑ መስታወት ውስጥ የማየው ነው። ሰውየው ፈርተዋል። ምን እንዳስፈራቸው አላውቅም፤ ግን ያ ሻይ ባለመጠጣቱ ውስጣቸው አንድ ነገር እየተሰበረ ነው። ብጠጣ ጋሼ ተስፋይ እንዳሉት ጉዳዩ በኔ እጅ ይበላሻል፤ ልጄ ዕድሜ ልኩን «እማዬ ናት» ሊል ነው። ባልጠጣ እኚህ ሰው ፊታችን ሊያለቅሱ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደፍሬ ይሁን መቆም አቅቶኝ አላውቅም፤ ተቀመጥኩ።

«እታገኘሁ! ምን ማድረግሽ ነው?» አሉ ጋሼ ተስፋይ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አልኩና ስኒውን በሁለት እጄ አነሣሁ።

ጥሬው ነው። አፌ ውስጥ ሲገባ አወቅኩት፤ ያ የሚመረው። ግን የረቡዑን ያህል አልቸኮልኩበትም፤ ቀስ ብዬ ዋጥኩት። ምሬቱ ምላሴ ላይ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ከጉሮሮዬ በኩል የወለላ ጣዕም መጣ። ባዶውን ስኒ ወደ አባትየው ዘረጋሁ፤ ድገሙኝ ለማለት። እሳቸው ስኒውን አልተቀበሉም። ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው «ሊን!» ብለው ተጣሩ።

ሊን ወረደች። የተገለጠውን ወረቀትና የተቆረሰውን ሻይ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ከአባቷ ጋር በቋንቋቸው ጥቂት ተነጋገሩ፤ ከዚያ እያለቀሰች ለአቶ ሽፈራው በእንግሊዝኛ ትነግራቸው ጀመር። አቶ ሽፈራው ትርጉሙን አዘገዩብን።

«ይናገሩ እንጂ!» አልኳቸው።

«እሷ የተወለደች ዓመት የተጨመቀ ጥሬ ሻይ ነው። አያቷ ናቸው ከዩናን የላኩት። አባቷ ለትዳሯ ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውት ኖረዋል፤ ለማንም እንግዳ ተከፍቶ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ነው የከፈቱት» አሉ።

«መልሱስ?» አሉ ጋሼ ተስፋይ።

«ጋሼ፣ መልሱ እኮ ሻዩ ነው። ከመድረሳችን በፊት ሰጥተው ጨርሰዋል። አንጠጣም ስንላቸው፣ በአፋችን ብንጠይቅም ልጅቷን ከልብ የማንፈልግ መስሏቸው ነው።»

ሰውየው የልጃቸውን ዕድሜ ሙሉ ያቆዩትን ሻይ ሲቀዱልን፣ እኛ ጋቢ ለብሰን በካልሲ ቆመን ስናስደፋቸው ነበር። ወይኔ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ ተስፋይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት። ከዚያ ስኒያቸውን አንሥተው ጠጡ፣ ፊታቸውን አኮማተሩ፣ «ይመራል» አሉ፣ ደግሞም ስኒውን መለሱና «ይጨመርልኝ» አሉ። አቶ ሽፈራው የተቀደደ ካልሲያቸውን ጠረጴዛው ሥር ደብቀው ተቀመጡ። እናትየዋ እንባቸውን እየጠረጉ የኛን የበሰለ ሻይ ከከረጢቱ አወጡ፣ አሸተቱት፤ ከምግብ በኋላ የሚጠጣው ይሄ ነው፣ ለሆድ ይስማማል ብለው በክብር አስቀመጡት።

አባትየው የኔን እጅ ያያሉ። የያዝኩት ስኒ ትሪው ላይ እየተንቀጫቀጨ ነው። ለሊን አንድ ነገር አሏት። ብርድ ነው ወይ ብለው ነው።

«ፈርቼ ነው በያቸው» አልኩ።

ሲነገራቸው የራሳቸውን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ከኔ ብሶ ይንቀጠቀጣል። «እኔም» አሉ።

ይሄኔ ነው ብሩክ ትዝ ያለን። ልጄ ውጭ መኪና ውስጥ ነው፤ ማን ይደውል፣ ስልኬ የት ገባ ስንል ሊን በሩን በርግዳ ወጣች። መስኮቱ ጋ ሮጥኩ። መንገዱን ስትሻገር፣ የመኪናውን መስታወት ስትደበድብ አየኋት። ብሩክ ወረደ። አንድ ነገር አለችው። ልጄ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ቁመቱ እጥፍ አለና በረዶው ላይ ዘጭ ብሎ ቁጭ አለ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፤ ያለ ኮት ነው የወጣችው።

«ብሩኬ ተነሥ! ብርድ ይመታሃል!» ብዬ በመስኮቱ ጮኽኩ። አባትየው መጥተው አጠገቤ ቆሙና በቋንቋቸው ከኔ በላይ ጮኹ። ሁለታችንም መስታወቱን እንደበድባለን፤ ማን ሰምቶን።